ያበጠ ቀድሞ ይግባ

ልጅ ያሳደገ ሰው ቁጣዬን ይረዳልኛል። ጥርስ የሚያክም ሰው ደግሞ ይህን ጽሑፍ ከጀመረ እስከ መጨረሻው ያንብበው፤ ጉዳዬ ከእሱ ጋር ነው።

ከመድኃኒት ቤቱ መስኮት ፊት ተሰልፌ ነበር። በአንድ እጄ የሐኪም ወረቀት፣ በሌላው የልጅ ልጄን ይዣለሁ። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ እናቷ ሥራዋ ሌላ ከተማ ስለሆነ በእኔ እጅ ናት። አደራ ያለበት ሰው እንዴት እንደሚጨነቅ የደረሰበት ያውቀዋል፤ የገዛ ልጅ አደራ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ግራ ጉንጯ አብጦ ቆዳው ተወጥሮ ያብለጨልጫል። በሻሽ ደግፌላታለሁ። ሁለት ቀን ሙሉ ከቀዝቃዛ ወተት በቀር የቀመሰችው ነገር የለም። በአራት ወር ውስጥ ስታብጥ ይህ ሦስተኛ ጊዜዋ ነው። ያው ጥርስ፣ ያው ሐኪም፣ ያው ወረቀት፣ ያው ቀይና ቢጫ ካፕሱል።

ከኋላዬ የቆመች ወጣት ሴት ወደ ልጅቷ ጎንበስ አለችና፣ «ይቅርታ እማማ፣ ምን ሆና ነው?» አለችኝ።

«ጥርሷ ነው።»

«መቼ ጀመራት?»

«የቱን ልንገርሽ? የመጀመሪያውን፣ ሁለተኛውን ወይስ የዛሬውን?»

«ወረቀቱን ባየው ቅር ይልዎታል?»

ወረቀቱን ወደ ደረቴ ሰበሰብኩት። ሰልፍ ላይ ሁሉም ሰው ሐኪም ነው። ገና እግሬ ሲረግጥ አንዷ ቅርንፉድ አስነክሻት ብላኛለች፣ አንዱ በጨው ውኃ ትጉመጥመጥ ብሎኛል፣ ሌላው ደግሞ ጥርሱ ከነሥሩ እንዴት እንደወጣ እየተረከ ልጅቷን አስለቅሶብኛል።

«አንቺ ደግሞ ማን ነሽ?» አልኳት።

«ጥርስ ሐኪም ነኝ። ሰኞ ነው ሥራ የጀመርኩት፤ እዚያ ከመንገዱ ማዶ ባለው ክሊኒክ።»

«ከጋሽ ጉጠት ዘንድ?»

አምልጦኝ ነው። ሰፈሩ ሁሉ በዚህ ስም ያውቃቸዋል፤ በፊታቸው ግን ማንም አይደፍርም። ወጣቷ አልተቀየመችም።

«አጎቴ ናቸው» አለች። «ስሙን ያወጣችላቸውም እናቴ ናት፤ የገዛ እህታቸው።»

ከዚያ በኋላ ወረቀቱን ሰጠኋት። አይታ ምንም ሳትናገር መንገዱ ዳር ቁጢጥ ብላ ከልጄ ጋር ፊት ለፊት ሆነች። «እስኪ የኔ ቆንጆ፣ አፍሽን ክፈቺልኝ። ሦስት ጣትሽን ደርድረሽ ማስገባት ትችያለሽ? ጎበዝ። ምራቅሽን ስትውጪ ጉሮሮሽን ያምሻል? ምላስሽን ወደ ላይ አንሺልኝ።» ግንባሯን ዳሰሰች፤ የአገጯን ሥርና አንገቷን በጣቶቿ ጫፍ ቀስ ብላ ነካካች። አራት ወር ሙሉ ስመላለስ ማንም እንዲህ አድርጎ የነካት አልነበረም። ንዴቴ የጀመረው እዚያ ነው ብል አልዋሽም።

«እማማ፣ መድኃኒቱን አይግዙ። አሁኑኑ ወደ ክሊኒኩ እንመለስ።»

«ሐኪሙ እብጠቱ ሲጎድል ያምጧት ብለውኛል እኮ። ያበጠ አይነካም ብለው።»

«አውቃለሁ። በሩ ላይ ተለጥፏል።»

እውነቷን ነው። የሕክምና ክፍሉ በር ላይ፣ ላስቲክ ለብሶ፣ ጠርዙ ቡናማ የሆነ ወረቀት አለ፦ «ያበጠ ጥርስ አይነካም። እብጠቱ ሲጎድል ይምጡ።» ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ሦስቱንም ጊዜ እንደ ሕግ ተቀብዬ ተመልሻለሁ።

ስንገባ ጋሽ ጉጠት እጃቸውን እየታጠቡ ነበር። ረጅም፣ ጎበጥ ያሉ፣ የነጭ ጋውናቸው አንገት ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ሰው አክባሪ ናቸው። ይህን የምለው በኋላ የምጽፈው ሁሉ ክፉ ሰው እንዳያስመስላቸው ነው።

«እትዬ፣ የረሱት ነገር አለ?»

«እኔ የረሳሁት የለም፤ የእህትዎ ልጅ ናት የመለሰችኝ» አልኩ። ነገሩን በእሷ ላይ ጥዬ ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ።

ፎጣውን መስቀያው ላይ አስተካክለው ሰቀሉና ወደ እሷ ዞሩ። «ልጄ፣ ለሕመምተኛ ከኋላዬ ሌላ ቃል መናገር ነው ያስተማሩሽ?»

«ከኋላዎማ አይደለም አጎቴ። ፊት ለፊትዎ ለመናገር ነው ይዣቸው የመጣሁት። የዚህችን ልጅ ጥርስ ዛሬ ልክፈተው።»

«ከነእብጠቱ?»

«ከነእብጠቱ። ያበጠው ስላልተከፈተ ነው።»

ጋሽ ጉጠት ፈገግ አሉ፤ ትልቅ ሰው ልጅ ሲያስቀው የሚያሳየው ፈገግታ ነው። «በምን ታደነዝዢያታለሽ? መግል ባለበት ማደንዘዣ እንደማይሠራ በመጀመሪያው ዓመት ነው የምትማሪው። በቁሟ ልታርጃት ነው?»

ልጄ እጄን ጨመቀችው። «ዶክተር፣ በልጅ ፊት መታረድ አይወራም» አልኩ።

«ይቅርታ እትዬ።»

«እብጠቱ ላይ ቢወጉት አይሠራም፤ እዚህ ላይ ልክ ነዎት» አለች ወጣቷ። «እኔ ግን እዚያ አልወጋም። የታችኛው መንጋጋ ነርቭ አጥንቱ ውስጥ የሚገባበት ቦታ ከኋላ ነው፤ እዚያ መግል የለም። ቧንቧው ወጥ ቤት ውስጥ ቢፈነዳ፣ ውኃውን የምንዘጋው ግቢው በር ላይ ካለው ቆጣሪ ነው አይደል?»

ይህ ገባኝ። ባለፈው ክረምት የኔም ቧንቧ ፈንድቶ ነበር።

«እሺ አደነዘዝሽ። ስትነካኪው መግሉ ወደ ደሟ አይሰራጭም?»

«የሚሰራጨው መውጫ ሲያጣ ነው አጎቴ። አሁን ከሥሩ ጫፍ ታፍኖ አጥንቷን እየበላ ወደ ጉንጯ መጥቷል። በላይ በኩል በር ብከፍትለት ወደ አፏ ወጥቶ ይተፋል።»

«ካፕሱሉ ያደርቀዋል። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሲያደርቅ አይቻለሁ።»

«እብጠቱን ያጎድላል፤ ጥርሱን አያድንም። የዚህ ጥርስ ውስጡ ሞቷል። የሞተ ጥርስ ውስጥ ደም አይዞርም። ደም ያልደረሰበት ካፕሱሉ በምን እግሩ ይደርሳል? ተህዋሱ እዚያ ውስጥ ተደላድሎ ቁጭ ብሎ፣ አምስቱ ቀን ሲያልቅ እንደገና ይጀምራል።»

እዚህ ላይ ዝም ማለት አቃተኝ። «እና ዶክተር፣ ይህን ያውቁ ነበር? ካፕሱሉ ጥርሱ ውስጥ እንደማይገባ?»

«እትዬ፣ እኔኮ ካፕሱሉ ብቻ ይበቃል አላልኩም። ሲጎድል ይምጡ ነው ያልኩት። መጥተዋል?»

ፊቴ ጋለ። አልመጣሁማ። የመጀመሪያው ጊዜ በአራተኛው ቀን እብጠቱ ጎደለ፣ ልጅቷ ገመድ መዝለል ጀመረች፣ እኔም ተመስገን ብዬ የተረፈውን ካፕሱል በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አስቀመጥኩት። ሁለተኛውም ጊዜ እንደዚያው። ከቆርቆሮው ላይ ለጎረቤቴ ለጉሮሮዋ ሁለት፣ ለልብስ ሰፊው ለጆሮው ሦስት ሰጥቻለሁ። ለራሴም ለጉልበቴ አንድ ቀን ሞክሬዋለሁ። ሊከፍሉኝ እንኳ የፈለጉ ነበሩ፤ በቸርነቴ እምቢ አልኩ። ይህን ሁሉ እዚያው ወንበር ላይ ተናገርኩት፤ ቀድሜ ካልተናገርኩት ልጄ ልትናገርብኝ አፏን እየከፈተች ነበር።

ጋሽ ጉጠት እጃቸውን ዘረጉ። «ሰማሽ ልጄ? ጥፋቱ የማን ነው? እኔ ቀጠሮ እሰጣለሁ፣ እነሱ አይመጡም።»

«አጎቴ፣ ራስዎን በእሳቸው ቦታ ያድርጉ። የሚያማት ቀን ይዘዋት ይመጣሉ፤ አብጧል ብለው ይመልሷቸዋል። በማያማት ቀን ደግሞ እየሳቀች ትምህርት ቤት የምትሄደውን ልጅ ማን ጎትቶ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ያመጣታል? ስታበጥ አይነካም፣ ስትድን አትመጣም። ታዲያ የምትታከምበት ቀን የቱ ነው?»

እፍረቴ ወደ ንዴት ተመለሰ። «ልክ ናት ዶክተር። እኔ ጥፋቴን አምኛለሁ፤ ቆርቆሮውንም እጥላለሁ። ነገር ግን እኔ የጥርስ ትምህርት አልተማርኩም። ሲጎድልላት ድናለች ብዬ የማስበውን እርስዎ ሐኪሙ ባያውቁ ማን ይወቅልኝ? ጥርሱ ሞቷል ያለኝ ሰው እኮ ዛሬ መድኃኒት ቤት ሰልፍ ላይ ነው የተገኘው።»

በዚህ መሐል የካርድ ክፍሏ ሴትዮ በሩን ገፋ አደረገች። መነጽሯ በገመድ ደረቷ ላይ ይንጠለጠላል፤ ግድግዳው ስስ ስለሆነ ሁሉንም ሰምታለች፤ አልሰማሁም ብላም አልካደችም።

«ዶክተር፣ ሲጎድል ይምጡ ያሏቸውን ሰዎች ካርድ ለብቻ በሳጥን አስቀምጪ ብለውኝ የለ?»

«አዎ፣ ሲመጡ እንዳትፈልጊ ብዬ ነው።»

«ሳጥኑ ሞልቷል ልልዎት ነው። ሁለተኛ ሳጥን ጀምሬያለሁ። ከመጀመሪያው ውስጥ የወጡት እንደገና አብጠው የመጡት ናቸው፤ እነሱም ተመልሰው እዚያው ይገባሉ።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገርሽኝም?»

«የጠየቀኝ የለም።»

ጋሽ ጉጠት በጎማ በምትሽከረከረው የራሳቸው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሰውዬው ከመናደድ ይልቅ የደከሙ መሰሉኝ። «አንድ ሰው ሞቶብኛል» አሉ። «ለእናትሽም ተናግሬ አላውቅም።»

የካርድ ክፍሏ ገብታ በሩን ከኋላዋ ዘጋች።

«ግንበኛ ነበር፤ ደረቱ ሰፊ፣ ጤነኛ ሰው። እኔ ገና ጀማሪ ነኝ። ጉንጩ አብጦ መጣ፤ ጥርሱን ነቀልኩለት። በሦስተኛው ቀን ሞተ። ሚስቱ እዚህ በር ላይ መጥታ ዝም ብላ አየችኝ፤ አልሰደበችኝም እንኳ። ያንን ወረቀት የጻፍኩት በዚያ ሳምንት ነው። ከእንግዲህ ያበጠ ሰው አልነካም ብዬ ማልኩ። ይኸው እስከ ዛሬ በእጄ የሞተ የለም።»

የቁጣዬ ግማሽ እዚያው ሟሟ። ሰውዬው ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በር ላይ የለጠፉት ፍርሃታቸውን ነበር። ፍርሃትን ደግሞ እኔ በደንብ አውቀዋለሁ።

የእህታቸው ልጅ ወንበር ስባ አጠገባቸው ተቀመጠች። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አጎቴ፣ እርስዎ ዘንድ ሲመጣ ካበጠ ስንት ቀኑ ነበር?»

«መጀመሪያ ሲመጣ እኔ አልነበርኩም። አለቃዬ ናቸው ያዩት።»

«ምን አደረጉለት?»

«ክኒን ሰጥተው መለሱት፤ ሲጎድል...» ብለው ቆሙ።

«እርስዎ ዘንድ ተመልሶ የመጣውስ መቼ ነው?»

«በስምንተኛው ቀን።» አሁን የሚናገሩት ለእሷ አይመስልም ነበር። «አንገቱ ድረስ ወርዶ ነበር። አፉን መክፈት አቅቶት በብረት ነው ያላቀቅሁት። ምራቁን መዋጥ አልቻለም፤ መሐረብ ይዞ ይጠርግ ነበር። ምላሱ ተነሥቶ...» እጃቸውን ወደ ገዛ ጉሮሯቸው ወሰዱት። «ያ ሰው እዚህ ወንበር ላይ መቀመጥ አልነበረበትም። ሆስፒታል ነበር መሮጥ የነበረበት።»

«አዎ።»

«እኔ ግን የገደለው መንቀሌ ነው ብዬ ኖርኩ።»

«እጅዎ አይደለም የገደለው አጎቴ። ስምንቱ ቀን ነው።»

የእጅ መታጠቢያው ቧንቧ ጠብ ጠብ ይላል። ጋሽ ጉጠት ተነሥተው ጠበቅ አድርገው ዘጉት፤ ጀርባቸውን እንደሰጡን፣ «እና እኔ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ለመጣው ሰው ሁሉ ስምንት ስምንት ቀን ስሰጠው ኖርኩ» አሉ።

ሁላችንንም ወደ ጉዳያችን የመለሰችን ልጄ ናት፤ «እኔን ግን ማን ነው የሚያክመኝ?» አለች።

ጋሽ ጉጠት ዞሩ። ጉንጯን እንደ አዲስ አዩት። «የእህቴ ልጅ ታክምሻለች። እኔ መብራቱን እይዛለሁ» አሉ፤ ወደ ወጣቷም፣ «ካመማት ግን ታቆሚያለሽ» ብለው አስጠነቀቁ።

«ካመማት አቆማለሁ።»

መጀመሪያ ራጅ አነሣቻት። ከሥሩ ጫፍ ላይ የአተር ፍሬ የምታክል ጥቁር ጥላ አሳየችን፤ ያ የተበላ አጥንት ነው። ከዚያም ከኋላ በኩል፣ እንዳለችው፣ ከእብጠቱ ርቃ ወጋቻት። ከንፈሯ እስኪደነዝዝ እየተጫወተች ጠበቀች፤ «ከንፈርሽ ወፍሮ አልታየሽም?» ስትላት ልጄ መስታወት ጠይቃ አየችና ያው ነው አለች። የታመመውን ጥርስ ብቻ አሳልፎ ሌላውን አፏን የሚሸፍን ስስ ላስቲክ ዘረጋችባት። እኔ እግሯን ይዤ ፊቴን አዞርኩ። የመሰርሰሪያው ድምፅ ጥቂት ጮኸና ቆመ፤ ከዚያ የመጣውን ሽታ ግን ፊት ማዞር አይከለክለውም። አራት ወር ሙሉ በልጄ አጥንት ውስጥ የተቀመጠው ነገር ያ ነበር።

ጋሽ ጉጠት መብራቱን ይዘው ጎንበስ ብለው ያያሉ።

ትንሽ ቆይቶ ልጄ ጣቷን አነሣች። ወጣቷ ወዲያው እጇን ሰበሰበች። «አመመሽ?»

በላስቲኩ ሥር ተንተባተበች፤ ደግማ ስትናገር ሰማናት። «መምታቱን አቆመ።»

ያ በጉንጯ ውስጥ ሁለት ቀን ሙሉ ሲደልቅ የከረመው ሕመም ማለቷ ነው። ጋሽ ጉጠት ቀና አሉ። «ይህን ቃል እዚህ ወንበር ላይ ሰምቼው አላውቅም» አሉ። «የኔ ሰዎች የሚሻላቸው ቤታቸው ነው፤ ከተሻላቸውም።»

የጥርሱን ሥር አጥባ፣ መድኃኒት አኑራ፣ ለጊዜው ደፈነችው። «ጥርሱ አይነቀልም» አለችኝ። «ሁለት ጊዜ ትመለሳለች፤ ሥሩን እስከ ጫፉ እሞላዋለሁ፣ በላዩም ቆብ ይደረግለታል። ዕድሜ ልኳን ታኝክበታለች። ዛሬ ማታ እንደ ክብደቷ የሕመም ማስታገሻ ይበቃታል።»

አሁን የኔን ነገር ደግሞ ስሙ። ይህን ሁሉ ሰምቼ፣ ይህን ሁሉ ተቆጥቼ፣ ቦርሳዬን ይዤ ከተነሣሁ በኋላ፣ «ለማንኛውም ያንን ካፕሱል ብትጽፉልኝ» አልኩ።

የሳቁት ጋሽ ጉጠት ናቸው። «እትዬ፣ ቆርቆሮው ውስጥ አልቆ ነው?»

«ይቀልዱብኝ። ሥጋቴ ነው።»

«ሥጋት አይደለም፣ ልማድ ነው፤ ያስለመድኩዎትም እኔ ነኝ።» ፊታቸው ጠነከረ። «አሁን ትኩሳት የላትም፣ አፏን ትከፍታለች፣ ትውጣለች፣ እብጠቱ አንድ ቦታ ነው፣ መግሉም ወጥቷል። ታዲያ ካፕሱሉ ምን ሊሠራ ይገባል? ያለ ሥራው የዋጡት ቀን ተህዋሱ ይለምደዋል፤ የሚያስፈልግዎት ቀን ሲመጣ አይሠራልዎትም።» ይህን ሲሉ የእህታቸውን ልጅ አላዩም፤ ከአፏ የወሰዱት ሳይሆን ድሮም ያውቁት የነበረ፣ ግን በፍርሃት ሥር የቀበሩት መሰለኝ። «ትኩሳት ከመጣ፣ ወይም እብጠቱ እየሰፋ ከሄደ፣ ያኔ እንሰጣታለን፤ ያውም ከፍተን፣ አፍስሰን፣ በላዩ ነው እንጂ በምትኩ አይደለም።»

«አፏ አልከፈት ካለ፣ መዋጥ ካቃታት፣ አገጯ ሥር ወይም ዓይኗ ድረስ ካበጠ ግን እኛንም አይጠብቁ» አለች ወጣቷ። «በቀጥታ ሆስፒታል።»

«በማንኛውም ሰዓት» አሉ ጋሽ ጉጠት። ግንበኛውን እያሰቡ እንደነበር ከእኔ ሌላ የካርድ ክፍሏም አውቃለች፤ መነጽሯን አውልቃ ትጠርግ ነበር።

እንግዲህ ጥርስ የምታክሙ ልጆቼ፣ ጉዳዬ ይህ ነው። እናንተ ስትመልሱን እኛ እንመለሳለን፤ ወረቀት ስትሰጡን እንቀበላለን፤ ስለማናውቅ ነው። በአሥር ደቂቃ የምትከፍቱትን ጥርስ በአምስት ቀን ካፕሱል ስትሸኙት፣ የሸኛችሁት ሕመሙን ሳይሆን ሕመምተኛውን ነው። ጣታችሁን ከአገጭ ሥር አሳርፉ። አፍ ይከፈት፣ ምላስ ይነሣ፣ ምራቅ ይዋጥ እንደሆነ ጠይቁ፤ ጥያቄው ገንዘብም መሣሪያም አይፈልግም፣ ቁጢጥ ማለት ብቻ ነው የሚፈልገው። ጥርሱ የሞተ ከሆነ ሞቷል በሉን። እሷ መንገድ ዳር ያደረገችውን እናንተ ክፍላችሁ ውስጥ ማድረግ ቢያቅታችሁ አዝንባችኋለሁ።

በሦስተኛው ቀን የልጄ ጉንጭ ከሌላው ጋር እኩል ሆነ። በስምንተኛው ቀን፣ ምንም ሳያማት፣ እየነጫነጨች ይዣት ሄድኩ። የብስኩት ቆርቆሮውንም ይዤ ነበር፤ የካርድ ክፍሏ ካፕሱሎቹን ቆጥራ «መድኃኒት ቤት ሊከፍቱ ነበር እንዴ?» ብላ ተቀበለችኝ። ሁለቱ ሳጥኖቿ ጠረጴዛዋ ላይ ናቸው፤ ከእያንዳንዱ ካርድ ላይ ስልክ እያየች «ሳያምዎትም ይምጡ» እያለች ትደውላለች።

በሩ ላይ ያለው ወረቀት ተነሥቷል። የቆየበት ቦታ ከቀረው ቀለም ነጥቶ ይታያል፤ በዚያው ነጭ ላይ በጋሽ ጉጠት ጥንቁቅ የእጅ ጽሕፈት አዲስ ወረቀት ተለጥፏል፦ «ያበጠ ቀድሞ ይግባ።»

ተራችን ደርሶ ገና ስንነሣ አንድ ሹፌር በፎጣ አገጩን ይዞ ገባ። የካርድ ክፍሏ ወረቀቱን በጣቷ አሳየችኝ። እኔ ከጠዋት ጀምሮ ነው የተቀመጥኩት፤ ጉልበቴ ታሟል፣ ልጅቷ ፈተና አለባት። ይህን ሁሉ ልናገር አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ሰውዬውን አየሁት፤ ምራቁን በፎጣው እየጠረገ ነበር።

«ምን ትጠብቃለህ አንተ፣ ግባ» አልኩት። በሩን ራሴ ከፈትኩለት፤ ጋሽ ጉጠት ደግሞ ገና ከደጃፉ፣ «አፍህን ክፈት፣ ምላስህን አንሣ» ሲሉት ሰማኋቸው። አፍታም ሳይቆዩ ድምፃቸው ወደ ካርድ ክፍሏ መጣ፦ «ለሆስፒታሉ ደውይ፤ አብሬው እሄዳለሁ።»